ከቆጠራው የተዘለለችው ዘሪቱ

በቀደም ለስኳር ምርመራ ጤና ጣቢያ ሄጄ፣ ነርሷ ክንዴን በጎማ አስራ በአልኮል የራሰ ጥጥ ስታሽበት፣ ሽታው ወደ ሌላ ዘመን መለሰኝ። "እማማ፣ አይፍሩ፤ ትንኝ እንደነከሰዎት ነው" አለችኝ። ዕድሜዋ ሃያ አምስት የሚሞላ አይመስለኝም። አልፈራሁም። ከዚህ ክንድ ብዙ ደም ተቀድቷል፤ የቀዳችውም የገዛ ልጄ ናት። ይህን ለነርሷ አልነገርኳትም፤ ለማያውቀኝ ሰው ወሬ ማብዛት አልወድም። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ወረቀት አወጣሁ። በመርሳም በግራናም ስለ እኔና ስለ ልጄ ከሚወራው ግማሹ ውሸት ነው። እውነት የሆነው ግማሽ ደግሞ ሰዎቹ እንደሚሉት የሚያሳፍር አይደለም። ሁለቱን ለይቼ ማስቀመጥ ያለብኝ እኔ ነኝ።

የድሮው መንግሥት ወታደሮች ሄደው አዲሶቹ በገቡበት ሰሞን እኔ መርሳ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። ወልድያ ድረስ እየተመላለስኩ አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፤ በዚያ ጊዜ ለአንዲት የመርሳ ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ሥራዬ የተማሪዎችን ስም ከነአባታቸውና ከነአያታቸው መጻፍ ነው። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነበር፤ አሁንም ጥሩ ነው። መርሳ ያኔ ከመኪናው መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩ የቆርቆሮ ቤቶች ነበረች ማለት ይቻላል። ከደሴ የሚመጣው አውቶብስ ውርጌሳን አልፎ ሲደርስ ሴቶቹ ማንጎና ብርቱካን በሳፋ ተሸክመው ወደ መስኮቶቹ ይሮጣሉ። ማንጎ በብር አምስት ነበር፤ አውቶብሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ደግሞ ሰባት ይሆናል። የእኛ ትምህርት ቤት ሴቶች ቴትረን ጉርድ ቀሚስና የሹራብ ሰደርያ ለብሰን፣ ነጭ ነጠላ ትከሻችን ላይ ጣል አድርገን እንሄዳለን። ከሻይ ቤቶቹ ቀኑን ሙሉ አምባሰልና ትዝታ ይሰማል። ካሴቱ ተደጋግሞ ከመጫወቱ የተነሳ ክሩ ረግቦ ዘፋኙ እንቅልፍ የያዘው ይመስል ነበር፤ ልጆቻችንም ዘፈኑን ያጠኑት እንደረገበው ነው። አሁን በዚያው መስመር ላይ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ተሠርቷል፣ ባጃጁም መተላለፊያ አሳጥቷል። ክፉ ነው አልልም። የማንጎው ሽታ ግን በናፍጣ ተሸፍኗል።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ደምሴ ታላቅ ነው፤ ትርንጎ በሁለት ዓመት ታንሰዋለች። ደምሴ አሥራ ሦስት ዓመት ሊሆነው ሲል ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር መደናቀፍ ጀመረ። በቀትር ዛፉ ጫፍ ላይ ያለውን ማንጎ ቆጥሮ የሚነግረን ልጅ፣ ሲመሻሽ ፊቱ የተቀመጠውን ሳህን በእጁ ይፈልጋል። ዳፍንት ነው አልን። ዳፍንት በአገራችን የታወቀ ነው፤ መድኃኒቱም ጉበት ነው። በዚያው ወር የጎረቤቴ የሐዋ ልጅ ሰይድም ዳፍንት ይዞት ነበር። ሐዋ ከእኔ ጋር አንድ አጥር የምትጋራ፣ ሳቋ ከመንገድ የሚሰማ ሴት ናት። እስላምና ክርስቲያን አንድ ከብት ስለማንበላ ሁለት ፍየል ተገዛ፤ አንዱን የእሷ ባል፣ አንዱን የእኔ ባል አለሙ አረደ። ለልጆቹ ጉበቱን ለብለብ አድርገን ሰጠናቸውና በሉ። በሳምንቱ የሐዋ ልጅ በድንግዝግዝ ዶሮ ሲያባርር አየሁት። የእኔ ልጅ በር ላይ ቁጭ ብሎ ጩኸቱን እየሰማ ይስቃል።

"አልሐምዱሊላህ፣ የእኔ ተነሳ። ሙልዬ፣ የአንቺ ፍየል ክርስትናው ሳይጠብቅ አይቀርም፤ በሚቀጥለው ከእኛ ወገን እንሞክር" አለች ሐዋ። ሦስት ጊዜ ተሞከረ። ደምሴ ጉበት ማየት አስጠላው።

ትርንጎ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። "አንድ ዓይነት ጉበት ነው። ሰይድ ለምን ዳነ? ደምሴ ለምን አልዳነም?" ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። አባቷን ጠየቀች። ሳይንስ የሚያስተምረውን መምህር ጠየቀች፤ እሱም ቫይታሚን ኤ ብሎ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፈላትና ለሁለተኛው ጥያቄዋ መልስ የለኝም አለ። ሰዎች ልጄ እንዴት ሳይንቲስት እንደሆነች ሲጠይቁኝ ሌላ የምነግራቸው የለኝም። ያችን ጥያቄ ይዛ ሄደች፣ እስከ ዛሬም አልጣለቻትም።

ጉበቱ እንዳልሠራ ሲታወቅ እናቴ እኔ ቤት ታማ ተኝታ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩን ዝጊው አለችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነገረችኝ። እናቷ ተብላ የምትቆጠርላት የውርጌሳዋ የሺመቤት የእንጀራ እናቷ ናት። የወለደቻት ዘሪቱ የምትባል የግራና ሴት ነበረች፤ የአበጋዝ ልጅ። ዘሪቱ ስታገባ ቀን ቀን ታይ ነበር። እናቴን ከወለደች በኋላ ቀኑም ጨለመባት። የባሏ ቤተሰቦች ዕውር ናት ብለው ወደ ግራና መለሷት፤ ሕፃኗን አስቀሩ። ለዘሪቱ ግን ልጅሽ ሞታለች አሏት። እናቴ ይህን ያወቀችው ከተዳረች በኋላ ነው። "የግማሽ ቀን መንገድ ነበር። አልሄድኩም" አለችኝ። ቀጥላም ይህን ለሰው ከተናገርሽ አልወለድኩሽም ብላ ገዘተችኝ። በሁለተኛው ወር አረፈች።

በእኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል። የወንዱም የሴቷም ዘር እስከ ሰባት ወደ ላይ ተቆጥሮ፣ በመካከል የሚገናኝ ስም ካለ ጋብቻው ይቀራል። እኔና አለሙ ስንጋባ የቆጠሩት የአለሙ አጎት አያ ይመር ናቸው። አያ ይመር የግራና ሰው ናቸው፤ የሚቆጥሩት ዘር ሁሉ በቃላቸው ነው፣ ከወልድያም ድረስ እየመጡ ይጠሯቸው ነበር። በእናቴ በኩል የሺመቤትን ቆጠሩ፤ የተነገራቸው እሷ ናትና። አልተገናኘም አሉ። አለሙ ግን የአበጋዝ የልጅ ልጅ ልጅ ነው። እኔም በዘሪቱ በኩል የአበጋዝ የልጅ ልጅ ልጅ ነኝ። ሦስተኛው ቤት ላይ ተገናኝተን ኖሯል። የእናቴን ቃል ሰምቼ ከክፍሉ ስወጣ ይህ ገብቶኛል። ሥራዬ ስም ከአያት ስም ጋር መጻፍ አይደለም እንዴ! ለማንም አልተናገርኩም። ዝም ማለት ይቀለኛል፤ ተፈጥሮዬም ነው። ልጄ መልሱን በባዕድ አገር ስትፈልግ፣ መልሱ መርሳ ከእኔ ጋር አሥራ ምናምን ዓመት ተቀመጠ።

ትርንጎ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ጎንደር በር ከሚሸጠው ሰልባጅ ቀይ ሹራብ ገዛሁላት፤ ወልድያ ያኔ ሰልባጁ ሁሉ ጎንደር በር ነበር የሚዘረጋው። ጥቁር ሸራ ጫማ አደረገች። ሹራቡ ክርኑ ላይ ሁለት ጊዜ ተጥፎ አራት ዓመት አገለገለ። ባዮሎጂ አጠናች፤ እዚያው ማስተማር ጀመረች፤ ከዚያ ውጭ አገር ዕድል አገኘች። ደምሴ በዚህ መካከል ዓይኑ እየጠበበ በቱቦ ውስጥ የሚያይ ያህል ሆነ፤ ቢሆንም አገባ፣ ወለደ፣ መንገድ ዳር ካሴት ቤት ከፈተ። ካሴቶቹን በእጁ ዳስሶ ይለያል። ደንበኛው የዘፋኙን ስም ሳይጨርስ ከመደርደሪያው ያወርድለታል። ትርንጎ በየሁለት ዓመቱ ክረምት ትመጣለች። ስትመጣ ሰፈሩ በሙሉ ዓይኑን ይዞ ይሰለፋል፤ ዶክተር ናት ተብሏላ።

"ልጄ፣ ይቺን ግራዬን እያት" ይላሉ አንዱ ሽማግሌ።

"አባባ፣ እኔ የሕክምና ዶክተር አይደለሁም።"

"ታዲያ የምን ነሽ?"

"ዓይን እንዴት እንደሚያይ ነው የማጠናው።"

"ይኸው ዓይን! አጥኚዋ!"

ትስቃለች፤ ከዚያም ቁጭ ብላ ታያቸዋለች፣ ሐኪም ዘንድ ወደ ደሴ የሚሄዱትንም ትለያለች። ከኋላዋ ግን መድኃኒት የማይሰጥ ዶክተር ብለው ያላግጣሉ። ያላገጡትን ሁሉ በስም አውቃቸዋለሁ።

አንድ ክረምት ምን እንደምትሠራ በደንብ አስረጂኝ አልኳት። ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚይዙ ሴሎች አሉ አለችኝ። በእነሱ ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲን ብርሃን ሲያርፍበት ቅርፁ ይለወጣል። ለአንጎል አየሁ ብሎ የሚነግረው ያ መለወጡ ነው። ለሚቀጥለው ብርሃን ዝግጁ እንዲሆን ደግሞ ከጉበትም ከካሮትም ከምናገኘው ቫይታሚን የተሠራ ነገር ያስፈልገዋል። "ደምሴ ጉበቱን በልቷል" አልኳት። "በልቷል። ቫይታሚኑ ዓይኑ ድረስ ሄዷል። እዚያ ተቀብሎ የሚያሰናዳው ሠራተኛ ነው የጠፋው። ሠራተኛው የሚሠራበት መመሪያ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል" አለች። መዝገብ ቤት ለኖረ ሰው ይህ አይከብድም። በአንድ ፊደል ምክንያት ፈተና ሳይቀመጡ የቀሩ ልጆች አይቻለሁ።

በዚያው ክረምት የእኔን፣ የአባቷንና የወንድሟን ደም ቀዳች። ያን የአልኮል ሽታ መጀመሪያ ያወቅኩት ያኔ ነው። ደሙን በክትባት ሣጥን፣ በረዶውን ከመጠጥ ቤት ፍሪጅ ለምነን፣ በአውቶብስ ይዛው ሄደች። በሁለተኛው ዓመት ስትመጣ ፊቷ ሌላ ነበር። ወረቀት ዘረጋች፤ ክብና አራት ማዕዘን የተሣለበት የዘር ሐረግ ነው። በእኔ በኩል ወደ ላይ ሲሄድ ጥያቄ ምልክት ተደርጎበታል።

"እማዬ፣ የእናትሽ እናት ስም ማን ነበር?"

"የሺመቤት። ነግሬሻለሁ።"

"ደምሴ የተሳሳተውን ፊደል ከአንቺም ከአባዬም ነው የወረሰው። ይህ ያጋጥማል። ግን ፊደሉ ብቻ አይደለም፤ በፊትና በኋላው ያለው ረጅም ጽሑፍም በሁለታችሁ ላይ አንድ ነው። ከአንድ ሰው የተቀዳ ነው የሚመስለው።"

"ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል" አልኳት።

አየችኝ። ልጄ ሰው ላይ አታፈጥም፤ ያን ቀን ግን አፈጠጠች። "ሊሆን ይችላል። እንደገና እሠራዋለሁ" አለች። ዓመት ሙሉ እንደገና ሠራችው። መምህሮቿ ሐረጉ ካልተሟላ ሥራው ተቀባይነት የለውም፣ ከግራና ዘመዶችም ደም ያስፈልጋል ብለው የመጨረሻ ጊዜ ሰጧት። ካልሆነ ርዕስ ቀይሪ፣ ሌላ ሦስት ዓመት ጀምሪ ነው። ይህን የነገረችኝ በዓመቱ ተመልሳ መጥታ፣ ደምሴ ካሴት ቤት በር ላይ፣ ከዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ብርቱካን እየላጠች ነው። አላማረረችም፤ እኔን መስላለች። ያን ቀን ወደ ቤት ስገባ፣ ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ዓመት ሙሉ በከንቱ ያሠራኋት እኔ መሆኔን አስታወስኩ።

ግራና የሄድነው ለሚካኤል ዝክር ነው፤ በዚያ ቀን ዘመዱ ሁሉ አያ ይመር ግቢ ይሰበሰባል። አለሙ፣ ትርንጎ፣ እኔና ሐዋ ነን። ሐዋ የመጣችው ትርንጎ ለማወዳደሪያ ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ ሰው ደም እፈልጋለሁ ስላለቻት ነው። "ከማን ጋር ነው የምታወዳድሪኝ? ከእናትሽ ጋር ከሆነ ከአሁኑ አሸንፌያለሁ" ብላ ከረጢቷን አንስታ ተነሳች። ከመኪና ወርደን በእግር ስንሄድ ሁለቱን አስቀድሜ ከአለሙ ጋር ወደ ኋላ ቀረሁ። ነገርኩት። አለሙ ጥቂት ቃል ያለው ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። የሽንኩርት ማሳ ጥግ ጥግ ይዘን ብዙ ሄድን።

"እና ከእንግዲህ እህቴ ልበልሽ?" አለ።

"እንደፈለግህ።"

"አይ፣ ሙሉ ይሻላል። ለምጄዋለሁ።" ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ "አያ ይመር ፊት ልትናገሪው ነው?" አለኝ።

"ከፈለጉኝ እናገራለሁ።"

"ይፈልጉሻል" አለ።

አያ ይመር ካኪ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ዘመዱ ሠላሳ ይሆናል። ከተበላ ከተጠጣ በኋላ ትርንጎ ተነስታ ለምን እንደመጣች አስረዳች። ሣጥኑ እግሯ ሥር ነው። አያ ይመር አክብረው ሰሟት።

"ዶክተር ሆንሽልን፤ ኮርተናል" አሉ። "ነገር ግን በአበጋዝ ቤት ዕውር ተወልዶ አያውቅም። ሰባት ድረስ ብቻ አይደለም፣ እኔ አሥር ድረስ እቆጥርልሻለሁ።" ይህን ሲሉ የልጅ ልጃቸው ከግድግዳው ጥላ ውስጥ ብርጭቆዋን በእጇ እየዳበሰች ትፈልጋለች። ሁሉም ያያታል፤ ማንም አያይም። "ሕመሙ የመጣው ከእናትሽ ቤት ነው። ከመርሳ መጣ ብለሽ ጻፊ፤ ያን ጊዜ ይህ ሁሉ ሰው ክንዱን ይሰጥሻል።"

"አባባ፣ ያላየሁትን አልጽፍም።"

"እንዲያ ከሆነ ደምም የለም።"

የሣጥኑን ክዳን ገጠመች። ክዳኑ ሲገጠም የተሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ሠላሳ ሰው አያ ይመርን እያየ ነው። እኔ ሰው በተሰበሰበበት ተነስቼ ተናግሬ አላውቅም፤ በራሴ ሠርግ ላይ እንኳ ከሦስት ቃል በላይ አልወጣኝም። ተነሳሁ። ነጠላዬን አጣፋሁ።

"አያ ይመር፣ ከሁለታችንም ቤት ነው" አልኩ። "የእናቴ እናት የሺመቤት አይደለችም። እርስዎ የቆጠሩት የተነገረዎትን ነው። የእናቴ እናት ዘሪቱ ናት። የአበጋዝ ልጅ፣ ዓይነ ስውሯ።"

ከዚያ በአንድ ጊዜ ሁሉም ማውራት ጀመረ። ከሴቶቹ አንዷ፣ "ምን ዓይነት ደፋር ናት! ከወንድሟ ጋር ኖሬያለሁ ትበል እንጂ!" አለች።

"ኖሬያለሁ። ሠላሳ ዓመት። ይፍረስ የምትሉ ከሆነ አፍራሹ ይምጣ፤ ባለቤቴ ይኸው ተቀምጧል" አልኩ። አለሙ ከተቀመጠበት ሳይነሳ እጁን አወጣና፣ አለሁ እንደሚል ተማሪ ከፍ አደረገ። ሐዋ ሳቋን መያዝ አቃታት። "ወላሂ፣ ይቺ ሴትዮ ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ናት፣ ድምፅ እንዳላት ዛሬ ሰማሁ!" አለች።

አያ ይመር አልሳቁም። ከዘራቸውን ወደ እኔ ቀስረው፣ "ዘሪቱ የአባቴ እህት ናት። በዱላ ጫፍ ይዤ ወንዝ ያወረድኋት እኔ ነኝ። ልጅ አልነበራትም። ልጇ ሞታለች" አሉ።

"ሞተች ተብሎ ተነገራት።"

"እስክትሞት ድረስ ሙሾዋን ታወርድላት ነበር።"

"ልጇ ውርጌሳ ነበረች፣ አያ ይመር። አድጋ፣ ተድራ፣ እኔን ወልዳ፣ ሰባ ሊሞላት ሲል ሞተች።"

ሰው ሁሉ ስለ ጋብቻው የሚፈርዱ መስሎት ይጠብቃል። እሳቸው ግን ሰባት ቤት ስለማይሞላው ጋብቻ አንድ ቃል አልተናገሩም። በመጨረሻ፣ "ቆጠራዬን አጎደላችሁብኝ" አሉ። ከእኔ ይልቅ ለራሳቸው የተናገሩት ይመስላል። ከዚያ ወደ ትርንጎ ዞሩ። "እስክሪብቶ አለሽ?"

"አለኝ፣ አባባ።"

"ስንቆጥር ዕውር ይዘለላል። አባቴ እንዲያ ነው ያስተማረኝ፤ ስሙ ከተነሳ ልጅ አይዳርም ብሎ። አልረሳኋቸውም፤ ዘለልኋቸው እንጂ። ጻፊ። ዘሪቱ አበጋዝ። ከእሷ በላይ የአበጋዝ እህት፣ ብርቄ። ከብርቄ ልጆች ሁለተኛው…" ፀሐይዋ ከማንጎው ጥላ አልፋ ወደ ማሳው እስክትዞር ድረስ ቆጠሩ። ስም ከነአባት፣ በስንት ዓመቱ ማየት እንዳቆመ፣ ማን መርቶት እንደኖረ። ትርንጎ ደብተሩን እየገለበጠች ጻፈች። የልጅ ልጃቸውን ስም ሲደርሱ ቆም አሉ። ከዚያም ከነአባቷ ጠሯት፤ ልጅቷ ከጥላው ውስጥ፣ "አቤት" አለች።

ክንዳቸውን ግን አልሰጡም። "ቃሌን ወስደሻል፤ ደሜ ይቅርልኝ" አሉ። መጀመሪያ ክንዷን የዘረጋችው ያቺው የልጅ ልጅ ናት። ከእሷ በኋላ ሴቶቹ ተሰለፉ፤ ደፋር ያለችኝም ከመካከላቸው ነበረች። ሐዋ ለማወዳደሪያ ስትቀዳ፣ "ያ ረቢ፣ የክርስቲያን ዘመድ እንዳታደርጊኝ" እያለች ጮኸች።

ከዚያ በኋላ ቀላል ነበር አልልም። መርሳ ውስጥ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደረሰ። ወንድሟን ያገባች ተባልኩ። በዕድሩ ሴቶች መካከል የምቀመጥበት ቦታ ግራና ቀኙ ክፍት ሆነ። እኔ ግን በየወሩ እዚያው ቦታ ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ክፍት ከሆነ እግሬን ዘረጋሁ። የነፍስ አባታችን መጥተው ዝቅ ባለ ድምፅ ስለ ንስሐ አነሱ። አባ፣ ሳላውቅ ስለተጋባሁት ንስሐ እገባለሁ፤ አውቄ ስለዋሸሁት ደግሞ ከዚያ በፊት እገባለሁ፤ ስለተናገርኩት ግን አልገባም አልኳቸው። ባርከውኝ ሄዱ። እናቴ በሕልሜ ትመጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልመጣችም።

ትርንጎ ሥራዋን ጨረሰች። የታተመው ጽሑፍ አንድ ቅጂ እኔ ጋ አለ። ቋንቋው አይገባኝም፤ ሥዕሉ ግን ይገባኛል። ግማሹ የጠቆረው ክብ እኔ ነኝ፤ ግማሹ የጠቆረው አራት ማዕዘን አለሙ ነው። ሌሎቹን ባልና ሚስት የሚያገናኘው መስመር አንድ ነው፤ የእኔና የአለሙ ሁለት ነው። ዘመድ ሲጋባ እንደዚያ ይሠመራል አለችኝ። ገጹን በመስታወት አስገጥሜ እንግዳ ክፍል ሰቀልኩት። ይውረድ ያሉኝ ነበሩ። ምስማሩን የመታው አለሙ ነው፤ ሳይወርድ ሞተ።

አሁን አገሯ ተመልሳ የራሷ ላቦራቶሪ አላት፤ መብራት ሲጠፋ ናሙናው እንዳይበላሽ የምትሯሯጥበት፣ ተማሪዎቿ የሚፈሯት። ዛሬም ያ ሁሉ ጥናት ማንን አዳነ የሚሉኝ አሉ። ደምሴን አላዳነም፤ አሁን ሙሉ በሙሉ አያይም። አንድ ክረምት፣ "ለአንተ አልደረስኩም" ስትለው ሰምቻለሁ። "ፍየሏን እኔ በላሁ፣ ዶክተርነቱን አንቺ ወሰድሽ፤ ከዚህ በላይ ምን ትሰጪኛለሽ?" አላት። ሁለቱም ሳቁ። እኔ ለሚጠይቁኝ የምመልሰው አጭር ነው፦ ሕመሙ ከየት እንደመጣ ታውቋል። እርግማን አይደለም፤ ዓይነ ጥላ አይደለም፤ እርጉዝ ሳለሁ ቢሮ መዋሌ አይደለም። ይህን ሁሉ ብለውኛል።

ባለፈው ዓመት ለደምሴ ልጅ ለፍሬ ሽማግሌ መጣ። ሦስት ናቸው፤ ከወልድያ። ካባ የለበሱት ትልቁ ከወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ ልጃችሁን ለልጃችን አሉ፤ እንደ ደንቡም ዘር ይቆጠር አሉ። ደምሴ ወደ እኔ ፊቱን አዞረ። አያ ይመር ካለፉ ቆይተዋል። በቤታችን የምቆጥረው እኔ ነኝ።

በአለሙ በኩል ጀመርኩ። በእኔ በኩል ወጣሁ። "የእናቴ እናት ዘሪቱ፣ የግራናው የአበጋዝ ልጅ፣ ዓይነ ስውር። የአበጋዝ እህት ብርቄ፣ ዓይነ ስውር…" አንድም አልዘለልኩም። መጨረሻ ላይ፣ "የልጅቷ አባት ይኸው፤ ዓይነ ስውር ነው። ልጅቷ ታያለች። ያቺን ፊደል ግን ከአባቷ ወርሳለች፤ ሊያገባት የሚፈልገው ልጅ ወደ ልጄ ላቦራቶሪ ሄዶ ደም ይሰጣል። እሱም ካለው ለሁለቱም ይነገራቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ውሳኔው የእነሱ ነው" አልኩ።

ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እመይቴ፣ እንዲህ ያለ ቆጠራ ሰምተን አናውቅም። የእኛ ቤት ንጹሕ ነው" አሉ።

"የእኛን ሰምታችኋል። አሁን የዘለላችኋቸውን ቁጠሩልኝ። ካልሆነ በሩ ክፍት ነው።"

ማንም አልተነሳም። መንገድ ላይ መኪና አለፈ። ሦስተኛው፣ እስከዚያ ድረስ ያልተናገሩት፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

"አንድ አክስት ነበረችን" አሉ።